ከባድ ማርሽ

አባቴ ኢድሪስን አፉ ላይ በቡጢ ሲመታው በድንኳን ቀዳዳ እያየሁ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንዴ መታው፣ ኢድሪስ ተንገዳገደ። ሁለተኛ መታው፣ በጉልበቱ ወደቀ። ከወደቀም በኋላ አልማረውም፤ በሦስተኛው ሁለት የፊት ጥርሶቹ ከደም ጋር አሸዋው ላይ ወጡ። ኢድሪስ ማለት እኮ አባቴ በዶሃ ያለው ብቸኛ ጓደኛው ነው! የወሎ ልጅ፣ ሳቂታ፣ ለእኔ ብሎ ከኪሱ ቴምር የማያጣ። በዚያች ቀን አባቴን ጠላሁት፤ እንዲህ ያለውን ጥላቻ ደግሞ ልጅ ብቻ ነው የሚችለው። ታሪኩን ያኔ እንዳየሁት እነግራችኋለሁ፤ የተሳሳትኩበት ቦታ ስንደርስም አልደብቃችሁም።

የምንኖረው ዶሃ፣ አል አዚዚያ በሚባል ሰፈር፣ ከአሠሪያችን ከባባ ቪላ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አባቴ ገዛኸኝ የቤቱን መኪኖችና ጀልባ ይጠግናል። እናቴ ዝናሽ ታበስላለች። ኢድሪስ ሾፌር ነው፤ ብየዳም ይችላል። ሦስቱም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አላቸው፤ እኔ የለኝም። በአምስት ዓመቴ በጉብኝት ቪዛ ገብቼ ቀኑ ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል። የባባ ሚስት ማዳም አይታ እንዳላየች ታልፈኛለች። ትምህርት ቤት የለ፣ መንገድ የለ፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ እናቴ ናት፣ በሩዝ ካርቶን ጀርባ ላይ። የበር ደወል ከጮኸ አልጋ ሥር መግባት ነው። "ሹርጣ አንድ ቀን ካየሽ እናትሽን ያስሯታል፣ አንቺንም ለብቻሽ ይጭኑሻል" ይለኝ ነበር አባቴ፣ ፖሊሱን ማለቱ ነው። ልጅ ለማስፈራራት የሚወራ የጅብ ተረት ይመስለኝ ነበር። ተረት እንዳልነበረ፣ እሱም በየቀኑ እያሰበው ይነሳና ይተኛ እንደነበር ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ዶሃ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሰዉ ድንኳኑን ጭኖ ወደ አሸዋው የሚወጣበት ወራት ላይ፣ የባባ ትልቁ ልጅ ጃሲም አንዲት ስምንት ጎማ ያላት ትንሽ መኪና አስመጣ። ጃሲም ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መኪናዋ የየብስም የባሕርም ናት፤ አሸዋ ላይ ትሮጣለች፣ ውኃ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ጎማዎቿን እንደ መቅዘፊያ እያዞረች ትንሳፈፋለች። መሪ የላትም። በግራና በቀኝ ሁለት እጀታ አላት፤ የሳቡት ጎን ይቆማል፣ ሌላው ይዞራል፣ እሷም ወደዚያው ትታጠፋለች። እኔ "እንቁራሪቷ" አልኳት፣ ስሙ ጸደቀ።

እንቁራሪቷ ሜዳ ላይ ማን ይችላታል! ጭቃ ወይ ዳገት ሲመጣ ግን ጉድ ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይነቃነቅም፣ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው የላስቲክ ቀበቶ ይቃጠላል። ሦስተኛው ቀበቶ የተቃጠለ ቀን ጃሲም የሚጨሰውን ላስቲክ በጓንት አንስቶ አባቴ ፊት ላይ ወረወረው። ጉንጩ ቆዳው ተላጠ። ጃሲም አልበቃውም፤ በብረት ዘንግ የመኪናዋን ሞተር ክዳን ሲወቅጥ፣ "ሒማር! አህያ! አንተም እሷም አንድ ናችሁ!" ሲል ጓሮው ሁሉ ይሰማል። አባቴ ቀበቶውን ከመሬት አነሳና በተረጋጋ ድምፅ "ጉልበት ነው ያጣችው። ከባድ ማርሽ ልጨምርላት፤ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ጉልበቷ ግን ይጨምራል" አለ። እኔ በመስኮት እያየሁ ደሜ ፈላ። ፊቱን ያቃጠለውን ልጅ ቁጭ ብሎ ማርሽ ያስተምረዋል!

ሁለት ሳምንት ሠሩ፣ እሱና ኢድሪስ። ከቀበቶውና ከካምቢዮው መሐል የሚገባ አንድ የብረት ሳጥን በየዱ። ውስጡ አሥራ ሁለት ጥርስ ያላት ትንሽ ማርሽና ሠላሳ ጥርስ ያለው ትልቅ ማርሽ አለ፤ ሁለቱን ካቴና ያገናኛቸዋል። አባቴ ጥርሶቹን በጠመኔ እየነካካ ይቆጥራል። "ትንሿ ሁለት ዙር ተኩል ስትሮጥ ትልቁ አንዴ ይዞራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላል ለኢድሪስ። ተረት አያጣም። አንድ ቀን ሞተሩ እየሠራ ካቴናው ሲያብረቀርቅ አምሮኝ እጄን ሰደድኩ። አባቴ እጄን በጥፊ ሲለኝ አራት ጣቱ ቆዳዬ ላይ ታተመ። ጮኼ አለቀስኩ፣ ኢድሪስ በቴምር አባበለኝ። ከእኔ ይልቅ ለብረቱ ይሳሳል ብዬ አሰብኩ። ይህን አሁን በአሥሩም ጣቶቼ ነው የምጽፈው።

በሳጥኑ ጎን አጭር ዘንግ አወጣለት፤ መኪናዋ ስትቆም ወደ ኋላ ከሳቡት ከባድ ማርሽ፣ ወደ ፊት ከገፉት ቀላል ማርሽ። በነጭ ቀለም ከኋላ "ከ"፣ ከፊት "ቀ" ብሎ ጻፈበት፣ በአማርኛ። ሆን ብሎ ነው። የጃሲም ጓደኞች ባለፈው ዓመት የጀልባውን ቁልፎች ሲነካኩ ውኃ አስገብተውባት ነበርና፣ "ማንበብ የማይችል አይነካውም" አለ። ኢድሪስ ሳቀ። "እንግዲህ ከዚህ ግቢ ወንዶች እኔና አንተ ብቻ ነና!" አለው። "እኔስ?" ብዬ ዘለልኩ። "አንቺማ እመቤቴ፣ ሊቅ ነሽ" አለኝ ኢድሪስ።

ጉልበት ለመጨመር ፍጥነት መቀነስ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ምኑ ይገባል? የማውቀው ብርቱ ሰው ጃሲም ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ፈጣን። ዝግ የሚለው አባቴ ነው፣ የሚመታውም አባቴ። አሁን ደግሞ መኪናዋንም እንደ ራሱ ሊያደርጋት ነው ብዬ አዘንኩላት።

ዓርብ ጠዋት ቤቱ በሙሉ ወደ ሲላይን ወጣ፣ አሸዋው ከባሕሩ የሚገናኝበት። የወንዶች ድንኳን፣ የሴቶች ድንኳን፣ ራቅ ብሎ የወጥ ቤት ድንኳን ተተከለ። እናቴ ሩዝ ታጥባለች፣ እኔ ከጆንያዎቹ ኋላ ነኝ። "ከዚህ ንቅንቅ ትዪና!" ብላኛለች።

አባቴ እንቁራሪቷን ከባድ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ አንድ ትልቅ የአሸዋ ተራራ ወጣባት። አንዴም አልቆመችም። ሲወርድ ደግሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ እጀታ አልነካ፣ ፍሬን አልያዘ። ማርሹ ራሱ ይዟት፣ እንደ እርጉዝ ሴት እየተጠነቀቀች ወረደች። የጃሲም ታናሽ ወንድም ሐመድ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ "እንደዚህ ነው የሚወረደው? እጅ ሳይነካ?" አለው። "ከባድ ማርሽ ላይ ከሆነች አዎ። ነዳጁን መልቀቅ ብቻ" አለው አባቴ።

ችግሩ ከጎረቤት ካምፕ የመጡት ጎረምሶች ናቸው። ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክሎቻቸው ላይ ተቀምጠው በሳቅ ሞቱ። "ጃሲም፣ ኤሊ ገዛህ እንዴ?" እያሉ በዙሪያዋ አሸዋ እየበተኑ ፎከሩ። ጃሲም ፊቱ ቀላ። ሄደና አባቴን ከመቀመጫዋ ላይ በአንገትጌው ጎትቶ ጣለው፣ በእግሩም አሸዋ ዓይኑ ውስጥ አበነነበት። "በሰው ፊት አዋረድከኝ!" አለ። አባቴ ዓይኑን እያሸ ተነሳ። "ከምሳ በኋላ ጭቃው ጋ እንሂድ፣ እነሱ ተይዘው ሲቀሩ ያኔ ታያለህ" አለ።

ወንዶቹ ምሳ ቀረቡ። እኔ ግን የማስበው አባቴን ነው። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሊመታ ነው፤ ደግሞ ሊስቁበት ነው። እናቴ ትሪ ይዛ ስትወጣ በድንኳኑ ሥር ሾልኬ ወጣሁና እንቁራሪቷ ላይ ተንጠላጠልኩ። ዘንጉን በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁት። ከ"ከ" ተነቅሎ "ቀ" ላይ ቀጭ አለ። እሰይ! አሁን ትሮጣለች፣ አሁን ጃሲም ደስ ይለዋል፣ አሁን አባቴን ማንም አይነካውም። ስወርድ ኢድሪስ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ እጁን እየታጠበ አየኝ። ጠቀሰኝ። ተጫውታ ነው ብሎ አስቦ ኖሯል፤ እኔ ግን የምሥጢር ተካፋይ ያገኘሁ መሰለኝ።

ምሳው ሳያልቅ ሐመድ ከማዕድ ተነስቶ ወደ መኪናዋ ሮጠ። ማንም አላስተዋለውም። የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ እሱ የተራራውን ጀርባ በረጅሙ ዞሮ ጫፍ ላይ ደርሷል። እንደ አባቴ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ነዳጁን ለቀቀ።

እንቁራሪቷ ግን አልተጠነቀቀችም። ተለቀቀች። አሸዋው ከኋላዋ እየጨሰ ስትምዘገዘግ እኔ "ሩጪ! ሩጪ!" እያልኩ እጄን አጨበጨብኩ፣ አፈር በበላሁ። ሐመድ ደነገጠና አንዱን እጀታ ብቻ ሳበው። ተጠመዘዘች። ተገለበጠች፣ ደግማ ተገለበጠች፣ ልጁ በአየር ላይ ታየኝ፣ ከዚያ በላዩ ላይ መጣች። የሰማሁት ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። ሱሪው ከጉልበቱ በታች በደም ርሶ፣ ነጭ አጥንቱ በጨርቁ ወጥቶ ነበር።

ሰው ሁሉ ሮጠ። ማዳም እየጮኸች ወደቀች። ባባ ልጁን ታቅፎ "አምቡላንስ ጥሩ! ሹርጣ ጥሩ!" ይላል። ጃሲም ግን የተገለበጠችው መኪና ጎን ቆሞ ዘንጉን አየ። ጠዋት ወደ ኋላ ነበር፣ አሁን ወደ ፊት ነው። ጽሑፉን ማንበብ ባይችልም ማን እንደሚያነብ ያውቃል። የድንኳን ማሰሪያውን ብረት ካስማ ከአሸዋው ነቅሎ መጣ። መጀመሪያ ያገኘው ኢድሪስን ነው፤ በካስማው ትከሻው ላይ አሳረፈበት። "ይህን ጽሕፈት የምታውቁት ሁለታችሁ ናችሁ! ማን ነካው?" ደገመው፣ ጎድኑ ላይ። "ማን ነካው?"

"ወላሂ እኔ አይደለሁም!" አለ ኢድሪስ እጁን ከራሱ ላይ እየከለለ። "ወላሂ! እኔ ያየሁት..." ብሎ ፊቱን ወደ ወጥ ቤቱ ድንኳን አዞረ።

አባቴ የደረሰው ያኔ ነው። ከጃሲም ጎን አልፎ፣ ካስማ የያዘውን ሰውዬ ትቶ፣ ጓደኛውን ኢድሪስን መታው። ሦስቱን ቡጢ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ከዚያ ወደ ጃሲም ዞረና ደረቱን እየደቃ በዓረብኛ "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የነካሁት! እሱ ምንም አያውቅም!" አለ። ጃሲምና ሁለት የአጎቱ ልጆች ተረባረቡበት። በካስማ፣ በእርግጫ፣ ከራሳቸው ባወለቁት የዒቃል ገመድ። ካስማው የግራ ጆሮው ላይ ሲያርፍ ድምፁ እኔ ድረስ መጣ። አንድ ጊዜ እንኳ እጁን አላነሳም። እናቴ ከኋላዬ መጥታ አፌን በመዳፏ አፈነችው፤ ከንፈሬ ከጥርሴ ጋር ተጣብቆ እስኪደማ። ከዚያ የፍራሽ ክምር ውስጥ ከትታኝ ሌላ ፍራሽ ጫነችብኝ። "ብትተነፍሺ ገደልኩሽ" አለችኝ።

በፍራሾቹ መሐል በነበረችው ስንጥቅ ሹርጣዎቹ አባቴን ሲወስዱት አየሁ። ፊቱ ፊት አይመስልም። ጆሮው ደም ይተፋል። በወጥ ቤቱ ድንኳን ደጃፍ ሲያልፍ ወደ እኛ ዞር እንኳ አላለም። አንዴ፣ አንዴ እንኳ! ያኔ ልጅነቴ አንድ ነገር ደመደመ፤ አባቴ ጌታውን ለመምታት ፈርቶ ወንድሙን የመታ ሰው ነው፣ ለእኛም ግድ የለውም። አሁን ግን አስቡት፤ ዞር ቢል ሹርጣዎቹስ ወዴት ይዞሩ ነበር?

አራት ወር ታስሮ ወደ አገር ተላከ። የሐመድ እግር በብረት ተያይዞ ዳነ፣ እያነከሰ አደገ። እኔና እናቴ እዚያው ጓሮ ቀረን፤ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ምሕረት ታውጆ ወረቀት የሌለው ሁሉ ይውጣ ሲባል ወጣን። አባቴ ኮምቦልቻ ትንሽ ጋራዥ ከፍቶ ጠበቀን። ግራ ጆሮው አይሰማም። አንድ ጣሪያ ሥር አምስት ዓመት ስንኖር ከሰላምታ በቀር አላወራሁትም። አንድ ቀን ደንበኛ ሲሰድበው ዝም ብሎ ሲያጎነብስ አየሁና አልቻልኩም። "ፈሪ! ድሮም ፈሪ ነህ! ለኢድሪስ ጊዜ ብቻ ነው ወንድ የሆንከው!" አልኩት በሰው ፊት። ምሳ ይዛ የመጣችው እናቴ ሰሐኑን ጣለች። እሱ የእጁን ግራሶ በጨርቅ ጠረገና ደንበኛው ጋ ተመለሰ። እናቴ ያን ዕለት "ሆድ ይፍጀው" ብላ አለቀሰች፤ ምን እንደምትል አልገባኝም።

በሃያ አንድ ዓመቴ በራሴ ኢቃማ ዶሃ ተመለስኩ። ቱሪስት ወደ አሸዋ በሚወስድ ድርጅት ቢሮ እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት መኪና መንዳት ስለማመድ አንድ የእኛው ሾፌር፣ አባተ የሚባል፣ የአሸዋ ተራራ ጫፍ ላይ አስቆመኝ። "ከመውረድሽ በፊት ከባድ ማርሽ አስገቢ። ቀላል ላይ ከለቀቅሻት ገደል ነው፤ የሚይዝሽ ማርሹ ነው" አለኝ። ሁለት ነጭ ፊደሎች ታዩኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ መኪናዋ የተገለበጠችው ሐመድ እጀታውን ስለሳበ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አባተ "ምነው፣ ፈራሽ?" ይለኛል፤ እኔ በሩን ከፍቼ ወርጄ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው፤ አባቴን ከዱላ ላድን ብዬ ዱላውን ያመጣሁበት እኔ ነኝ። ያም ሆኖ የቡጢው ነገር አልተፈታልኝም። ኢድሪስ ምን በድሎ?

ሰው ጠያይቄ ባለፈው ሳምንት አገኘሁት። አል ነስር ውስጥ የመኪና ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ነው የሚሠራው። ሸብቷል። ሲስቅ የፊት ጥርሱ ቦታ ባዶ ነው፤ አላስተከለውም። "ነፃነት! አንቺ እመቤት!" ብሎ አቀፈኝ። እንባዬ ቀደመኝ። "ጋሽ ኢድሪስ፣ ስለ አባቴ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት" አልኩት።

"ስለ ምኑ?" አለ ተገርሞ።

"ስለ ጥርስህ።"

"አልነገሩሽም እንዴ?" አለ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። "ስሚ ልጄ። ካስማው ጎድኔን ሰብሮታል። ደግሞ ቢያሳርፍብኝ እንደምሞት ገባኝ። አፌን ከፍቼ 'ልጅቷ ናት' ልል ነበር። አንቺን አይቼሻለሁና። አንደኛው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ሹርጣ ተጠርቷል፤ 'የቷ ልጅ? የማን ልጅ? ወረቀቷስ?' ይሉ ነበር። ገዛኸኝ ዓይኔ ወዴት እንደዞረ አይቶ አወቀ። አፌን የሚያዘጋበት ሌላ ነገር በእጁ አልነበረውም።" ባዶውን ድዱን በጣቱ ነካ። "አልተቀየምኩትም። እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው፤ ልሸጥሽ ነበር እኮ!"

ከሱቁ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ኮምቦልቻ ደወልኩ። በጋራዡ መዶሻ ይሰማል።

"አባዬ" አልኩት። እንዲህ ብዬ ከጠራሁት አሥራ ሰባት ዓመት አልፎታል።

"አቤት! ምን ሆንሽ?" ደንግጦ ጮኸ።

"ኢድሪስን አገኘሁት። ሁሉንም ነገረኝ። ዘንጉን የገፋሁት እኔ ነኝ፣ አባዬ። እኔ ነኝ!"

መዶሻው ቆመ። በር ሲዘጋ ሰማሁ።

"ዝም በይ!" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በስልክ ነው ያለሽው። እዚያው አገር ነሽ።"

"አባዬ፣ ኢቃማ አለኝ እኮ! ማን ይሰማናል? ስንት ዘመኑ..."

"የነካሁት እኔ ነኝ። አንቺ በዚያ ቀን እዚያ አልነበርሽም። ማንም ቢጠይቅሽ አልነበርሽም። ኸላስ፣ አለቀ።"

አለቀስኩ። "ፈሪ ብዬሃለሁ" አልኩት። "በሰው ፊት ፈሪ ብዬሃለሁ።"

ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሰማሁ።

"እውነትሽን ነው" አለ። "እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።"

ስልኩንም ዘጋው።